ዋስትና የሚገዛው በደህናው ቀን ነው

በሜይ 2025 የአሜሪካው ፎርድ፣ ኤክስፕሎረር የተባለውን መኪና የሚገጣጥምበትን የቺካጎ ፋብሪካ ለአንድ ሳምንት ያህል አቆመ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ወር መጨረሻ የጃፓኑ ሱዙኪም ስዊፍት የምትባለውን አነስተኛ መኪናውን ማምረት አቋረጠ። ብረትም፣ ጎማም፣ ሠራተኛም አልጎደለም። የጎደለው በመዳፍ የሚያዝ ማግኔት ነበር፤ ይበልጡን ደግሞ ማግኔቱ ሙቀት እንዲችል የሚጨመርበት ጥቂት ግራም ንጥረ ነገር።

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ወር በፊት ነው። የትራምፕ አስተዳደር በቻይና ዕቃዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ሲጥል፣ ቤጂንግ በኤፕሪል 4 ሳማሪየም፣ ጋዶሊኒየም፣ ተርቢየም፣ ዲስፕሮሲየም፣ ሉቴሺየም፣ ስካንዲየምና ኢትሪየም የተባሉት ሰባት ንጥረ ነገሮች፣ ከእነሱ ከሚሠሩ ማግኔቶች ጋር፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ ደነገገች። ሽያጩን አልከለከለችም፤ ላኪው ፈቃድ እንዲያወጣ ብቻ አስገደደች። ፈቃዱ እስኪደርስ ግን የፋብሪካዎች መጋዘን ተሟጠጠ።

ከዚያ ወዲህ "ቻይና ማዕድኑን ይዛዋለች" የሚል ማብራሪያ በየመድረኩ ይሰማል። ማብራሪያው ግማሽ እውነት ስለሆነ ወደ ተሳሳተ መድኃኒት ይመራል። ማዕድኑማ በካሊፎርኒያም፣ በአውስትራሊያም፣ በብራዚልም፣ በሕንድም አለ። እኔ እንደማምነው፣ የአንድ ኢንዱስትሪ የማዕድን አቅርቦት የሚጸናው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው በማዕድን ማውጫውና በፋብሪካው መካከል ያለውን የማጣራት ሙያ መያዝ ነው። ሁለተኛው ዋጋ ወርዶ ገበያው ጸጥ ባለበት ጊዜም ሁለተኛ አቅራቢን በሕይወት ለማቆየት ገንዘብ የሚከፍል ገዢ መኖሩ ነው። ይህን ከሌሎች ቀድማ የተረዳችው ጃፓን ናት፤ የ15 ዓመት ተሞክሮዋም፣ ስኬቱም ጉድለቱም፣ በዝርዝር ሊጠና ይገባዋል።

ከማውጫው እስከ ማግኔቱ

ሬር ኧርዝ ወይም ብርቅዬ የምድር ማዕድናት የሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች ናቸው። አብዛኞቹ በምድር ቅርፊት ውስጥ ያን ያህል አይጠፉም፤ የሴሪየም መጠን ለምሳሌ ከመዳብ ጋር ይቀራረባል። የሚያስቸግረው አብረው ተደባልቀው መገኘታቸውና በኬሚካዊ ባሕርያቸው እጅግ መመሳሰላቸው ነው። አንዱን ከሌላው ለመለየት አለቱ ተፈጭቶ በአሲድ ይሟሟል። የተሟሟው ፈሳሽ ከሌላ ኬሚካል ጋር ይገናኛል። አንደኛው ንጥረ ነገር ከጎረቤቱ በጥቂቱ በልጦ ወደ ኬሚካሉ ያደላል። ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነም ሥራው በመቶዎች በሚቆጠሩ ገንዳዎች ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ መካሄድ አለበት። በመጨረሻ ንጹሕ ኦክሳይድ ሲወጣ፣ በጎኑ አሲድ የተቀላቀለበት ውሃና ብዙ ጊዜ ቶሪየም ያለበት ጨረር አመንጪ ዝቃጭ ይቀራል። ኦክሳይዱ ደግሞ ወደ ብረት፣ ብረቱ ወደ ቅይጥ፣ ቅይጡ ወደ ማግኔት መለወጥ አለበት። እያንዳንዱ እርከን የራሱ ሙያና የራሱ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ለማግኔት የሚፈለጉት በዋናነት አራት ናቸው። ኒዮዲሚየምና ፕራሲዮዲሚየም የማግኔቱን ጉልበት ይሰጣሉ። ዲስፕሮሲየምና ተርቢየም በትንሹ ተጨምረው፣ ሞተሩ ሲግል ማግኔቱ ጉልበቱን እንዳያጣ ይጠብቁታል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ የፋብሪካ ሮቦትና የሚሳይል መሪ መሣሪያ ሁሉ የሚሠሩት በእነዚህ ነው። ኤፍ-35 የተባለው የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን አንዱ ብቻ ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ብርቅዬ ማዕድናት እንደሚይዝ የአሜሪካ መንግሥት ሰነዶች ያስረዳሉ።

የሚያስገርመው ግን የገበያው ትንሽነት ነው። አሜሪካ በ2024 ከውጭ ያስገባችው የብርቅዬ ማዕድናት ውሁድና ብረት ዋጋው 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ይህ ለዚያ ኢኮኖሚ እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ ነው። የችግሩ ሥር ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ገበያው ትንሽ፣ ኬሚስትሪው አስቸጋሪ፣ ዋጋው ደግሞ በአንድ አገር ውሳኔ የሚወጣና የሚወርድ ሲሆን፣ ትርፉን የሚያሰላ ባለሀብት ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያውላል። አቅርቦቱ ሲቋረጥ ግን የሚቆመው በመቶ ቢሊዮኖች የሚገመት ምርት ነው። ገበያው ብቻውን ይህን ክፍተት ሊሞላው አይችልም፤ ጉዳቱ የሚደርሰው በአምራቹ ሲሆን፣ ጉዳቱን የሚያስቀረው ኢንቨስትመንት ግን ከአምራቹ ሰንሰለት እጅግ ርቆ የሚገኝ ነውና።

ሙያው እንዴት ተሰደደ

ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ የዓለም ዋነኛው የብርቅዬ ማዕድናት ምንጭ በካሊፎርኒያ በረሃ የሚገኘው ማውንቴን ፓስ ነበር። ዛሬ ሁሉም የሚፈልገው የኒዮዲሚየም ማግኔትም የተፈለሰፈው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሁለት ቦታ ነው፤ ጃፓን ውስጥ በሱሚቶሞ ስፔሻል ሜታልስ ይሠራ በነበረው ማሳቶ ሳጋዋ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች። ጄኔራል ሞተርስ ለዚሁ ሥራ ማግኔኩዌንች የተባለ ድርጅት በኢንዲያና አቋቁሞ ነበር። በ1995 ድርጅቱ የቻይና ኩባንያዎች ላሉበት ቡድን ተሸጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢንዲያናው ምርት ተዘግቶ ሥራው ወደ ቻይና ተሻገረ። ማውንቴን ፓስም የቆሻሻ ውሃ መፍሰስ ያመጣበት ጣጣና የዋጋ መውረድ ተደራርበውበት በ2002 ቆመ።

በዚያው ዘመን ቻይና ተቃራኒውን መንገድ ይዛ ነበር። በውስጥ ሞንጎሊያ የሚገኘው ባያን ኦቦ ብረት ሲቆፈርበት ብርቅዬ ማዕድናትን አብሮ የሚሰጥ ግዙፍ ሥፍራ ነው። በደቡብ ደግሞ በጂያንግሺ ግዛት ያለው ሸክላ አፈር ዲስፕሮሲየምንና ተርቢየምን ይዟል። ሀብቱ ብቻውን ግን አይበቃም ነበር። በ1970ዎቹ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሹ ጉዋንግሺያን ንጥረ ነገሮቹን በተከታታይ ገንዳዎች የመለየቱን ሒደት በሒሳብ አስልቶ የሚመራ ንድፈ ሐሳብ አወጣ፤ ሥራው ወደ ፋብሪካዎች ተዛመተ። መንግሥት ለሥራው ድጋፍና ትዕግሥት ሰጠው። በባዎቱ ከተማ አጠገብ የተንጣለለው የዝቃጭ ኩሬና በጂያንግሺ የተመረዙት ጅረቶች የዚያ ዕድገት ዋጋ ናቸው፤ የከፈሉትም በአካባቢው የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ምዕራባውያኑን ከዚህ ኢንዱስትሪ ያራቃቸው አንድ ትልቅ ሽንፈት አልነበረም። እያንዳንዱ ውሳኔ በወቅቱ ምክንያታዊ ይመስል ነበር። ርካሽ ዕቃ ተገኘ፤ ቆሻሻው ሥራ ከአገር ወጣ፤ የኩባንያው የሩብ ዓመት ትርፍ ጨመረ። ሁሉም ተደምሮ በ2010 ቻይና ከዓለም የብርቅዬ ማዕድናት ምርት 97 በመቶውን የምታመርት አገር ሆነች።

የ2010 ማስጠንቀቂያ

ሴፕቴምበር 7 ቀን 2010 አንድ የቻይና ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሁለቱ አገሮች በሚወዛገቡባቸው የሴንካኩ ደሴቶች (ቻይና ዲያዩ ትላቸዋለች) አጠገብ ከጃፓን የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መርከቦች ጋር ተጋጨ። ጃፓን የጀልባውን አዛዥ አሰረች። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጃፓን የሚላከው የብርቅዬ ማዕድናት ጭነት በቻይና ወደቦች መንቀሳቀስ አቆመ። ቤጂንግ ማዕቀብ መጣሏን በይፋ አላመነችም፤ ጭነቱ ግን ለሁለት ወር ያህል ተስተጓጎለ። አዛዡ በዚያው ወር ተለቀቀ። በቀጣዩ ዓመት የአንዳንዶቹ ንጥረ ነገሮች ዋጋ ከአሥር እጥፍ በላይ ተሰቀለ።

አሜሪካ፣ የአውሮፓ ኅብረትና ጃፓን ጉዳዩን ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ወሰዱት፤ በ2014ም አሸነፉ። ቻይና የወጪ ንግድ ኮታዋን በ2015 አነሳች። ብዙዎች ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ ብለው ፋይሉን አስቀመጡት። ጃፓን ግን አላስቀመጠችውም። የፍርዱን ውጤት ሳትጠብቅ፣ በዚያው በ2010 መጨረሻ 100 ቢሊዮን የን የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት መድባ ሥራ ጀምራ ነበር።

ሥራው አራት መልክ ነበረው። አንደኛው ፍጆታን መቀነስ ነው፤ ሆንዳና ዳይዶ ስቲል ከባድ የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ዲስፕሮሲየምንና ተርቢየምን፣ ፈጽሞ የማይጠቀም የሃይብሪድ መኪና ማግኔት በ2016 ይፋ አደረጉ። ሁለተኛው ከአሮጌ ዕቃዎች መልሶ ማውጣት ነው። ሦስተኛው ከ1983 ጀምሮ የነበረውን የብረታ ብረት መጠባበቂያ ክምችት ማጠናከር ነው። አራተኛውና ዋነኛው ከቻይና ውጭ አቅራቢ መፍጠር ነው። ጆግሜክ የተባለው የመንግሥት ድርጅትና ሶጂትስ የተባለው የንግድ ኩባንያ በማርች 2011 ላይናስ ለተባለ የአውስትራሊያ ኩባንያ 250 ሚሊዮን ዶላር፣ በአብዛኛው በብድር፣ ለመስጠት ተስማሙ። ላይናስ በምዕራብ አውስትራሊያ ማውንት ዌልድ የሚባል ማዕድን ነበረው፤ የሚያጣራውም በማሌዥያዋ ኩዋንታን ከተማ አቅራቢያ በሠራው ፋብሪካ ነው። ስምምነቱ ምርቱ ለረጅም ጊዜ ወደ ጃፓን እንዲሄድም ያደርግ ነበር።

የሁለት ኩባንያዎች ዕጣ

የዚህ ውሳኔ ትርጉም የሚገባን ላይናስን ከአሜሪካው ሞሊኮርፕ ጋር ስናነጻጽር ነው። ሞሊኮርፕ ማውንቴን ፓስን እንደገና ለመክፈት በ2010 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ። ዋጋ ሰማይ በነካበት በ2011 የባለሀብቶች ዓይን ማረፊያ ሆነ። ከዚያ ዋጋው ተንኮታኮተ። የማጣሪያ ፋብሪካው ግንባታ ከታሰበው በላይ ፈጀ፤ ቴክኒካዊ ችግሮችም ተደራረቡበት። በጁን 2015 ሞሊኮርፕ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሸክሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ላይናስም በዚያው የዋጋ ውድቀት ለመክሰር ተቃርቦ ነበር። ማጣሪያው ዘግይቶ ነው ሥራ የጀመረው፤ በማሌዥያም የሕዝብ ተቃውሞ ነበረበት። ልዩነቱ አበዳሪው ላይ ነው። የጃፓን ወገን ብድሩን አስገድዶ ከማስመለስ ይልቅ ወለዱን ቀነሰ፤ የመክፈያ ጊዜውንም አራዘመ። ጆግሜክ ያየው የብድሩን ትርፍ ብቻ አልነበረም፤ ላይናስ ቢሞት የጃፓን ፋብሪካዎች የሚከፍሉትን ዋጋ ጭምር አስልቶ ነበር። ሞሊኮርፕ እንዲህ ያለ ደጋፊ አልነበረውም፤ ባለአክሲዮኖቹ የገቡት በዋጋ ጭማሪ ለማትረፍ ስለነበር ዋጋው ሲወርድ ምንም የሚያቆያቸው ምክንያት አልነበረም። ማውንቴን ፓስን በ2017 የገዛው ኤምፒ ማቴሪያልስ ራሱ ለዓመታት ማዕድኑን የሚልከው እንዲጣራ ወደ ቻይና ነበር።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ጃፓን ለብርቅዬ ማዕድናት በቻይና ላይ የነበራት ጥገኝነት ከ90 በመቶ አካባቢ ወደ 60 በመቶ አካባቢ ወረደ። ይህ የአሥር ዓመት ትዕግሥት ውጤት ነው።

ታዲያ ሱዙኪ በ2025 ለምን ቆመ? የጃፓንን ተሞክሮ የሚያወድስ ሁሉ ይህን ጥያቄ መመለስ አለበት። መልሱ የ60 በመቶው አማካይ ቁጥር የሚሸፍነው ጉድለት ነው። ጥገኝነቱ የቀነሰው በኒዮዲሚየምና በፕራሲዮዲሚየም ነው። ዲስፕሮሲየምንና ተርቢየምን ግን ጃፓን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከቻይና ነበር የምትገዛው፤ የኤፕሪል 2025ቱ ገደብ ያነጣጠረው ደግሞ በእነዚሁ ላይ ነው። ጆግሜክና ሶጂትስ ይህን ክፍተት በ2023 አይተው፣ ከላይናስ ምርት እስከ 65 በመቶ የሚደርሰውን ዲስፕሮሲየምና ተርቢየም ለማግኘት 200 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አፈሰሱ። ላይናስ የመጀመሪያውን ዲስፕሮሲየም ከማሌዥያው ፋብሪካ ያወጣው ሱዙኪ በቆመበት በሜይ 2025 ነው። እንግዲህ ዋስትናው መንገድ ላይ ነበር፤ የጥቂት ዓመታት መዘግየት ግን በፋብሪካው ላይ ታየ። ከዚህ የምንማረው አቅርቦትን በጥቅል መለካት እንደሚያታልል ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ለብቻው መቆጠር አለበት።

ዘግይተው የነቁት

የቻይና እርምጃ በብርቅዬ ማዕድናት ብቻ አልተወሰነም። በኦገስት 2023 ለኮምፒውተር ቺፕስና ለሌሊት ማያ መሣሪያዎች የሚያስፈልጉት ጋሊየምና ጀርማኒየም በፈቃድ ሥር ገቡ፤ በዲሴምበር 2023 ግራፋይት ተከተለ። በሴፕቴምበር 2024 አንቲሞኒ፣ በፌብሩወሪ 2025 ተንግስተን፣ ቴሉሪየም፣ ቢዝመዝ፣ ሞሊብደነምና ኢንዲየም ታከሉ። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ከመረመራቸው 20 ስትራቴጂያዊ ማዕድናት በ19ኙ ቀዳሚዋ አጣሪ ቻይና ናት፤ አማካይ ድርሻዋም 70 በመቶ ገደማ ነው።

አሜሪካ በጁላይ 2025 የጃፓንን መንገድ፣ ከዚያም አልፋ ሄዳ፣ ተከተለች። መከላከያ ሚኒስቴሩ በኤምፒ ማቴሪያልስ ውስጥ የ400 ሚሊዮን ዶላር ድርሻ ገዛ፤ ለኒዮዲሚየምና ፕራሲዮዲሚየም ምርቱም ለአሥር ዓመት በኪሎ ግራም 110 ዶላር ዝቅተኛ ዋጋ ዋስትና ሰጠ። ዋስትናው በጊዜው ከነበረው የገበያ ዋጋ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። የነጻ ገበያ ጠበቃ በነበረች አገር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ተገቢ ነው። ሞሊኮርፕን የገደለው የዋጋ መውረድ ከሆነ፣ ተተኪውን የሚያድነው ዋጋው ከተወሰነ ልክ በታች እንዳይወርድ የሚያደርግ ውል ነውና።

አውሮፓ በሕግ ጀመረች። በሜይ 2024 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ኅብረቱ በ2030 ከሚፈጀው ስትራቴጂያዊ ማዕድን 10 በመቶውን ራሱ እንዲያወጣ፣ 40 በመቶውን እንዲያጣራ፣ 25 በመቶውን ከአሮጌ ዕቃ መልሶ እንዲያገኝ፣ ከአንድ የውጭ አገርም ከ65 በመቶ በላይ እንዳይገዛ ግብ ያስቀምጣል። ግቦቹ ትክክለኛ ናቸው፤ በተለይ የማጣራቱ ድርሻ ከማውጣቱ አራት እጥፍ መሆኑ የችግሩን ቦታ መረዳታቸውን ያሳያል። የሚጎድለው ከፋዩ ነው። የአውሮፓ መኪና አምራች ከቻይናው የሚወደድ ማግኔት እንዲገዛ የሚያደርገው ውል ወይም ልዩነቱን የሚሸፍንለት በጀት ከሌለ ግቡ ወረቀት ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ከባድ ተቃውሞ አለ። መንግሥት ዋጋ ሲያረጋግጥ ሰነፍ ኩባንያዎችን ይቀልባል፤ ወጪውም በግብር ከፋዩና በሸማቹ ጫንቃ ላይ ያርፋል ይላሉ ተቺዎች። ስጋቱ እውነት ነው። ስለዚህም ዋስትናው በምርት መጠንና በጥራት ላይ የተመሠረተ፣ የጊዜ ገደብ ያለውና ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት። ማግኔት ግን ከመኪና ዋጋ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው፤ እጥፍ ቢወደድ እንኳ ፋብሪካ አይዘጋም፤ ቢጠፋ ግን ይዘጋል።

ሌላው ወጪ ጤና ነው። በ1980ዎቹ ሚትሱቢሺ በማሌዥያዋ ኢፖ ከተማ አጠገብ ቡኪት ሜራ በተባለ ቦታ ብርቅዬ ማዕድናት የሚያጣራ ፋብሪካ ድርሻ ነበረው፤ ጨረር አመንጪው ዝቃጭ በነዋሪዎቹ ላይ ባስከተለው ቁጣና ክስ ፋብሪካው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ አቆመ። የኩዋንታን ሰዎች በላይናስ ላይ የተነሱት ይህን እያስታወሱ ነው። ዛሬም ለዓለም የሚቀርበው ከባድ ንጥረ ነገር በብዛት የሚመጣው ጦርነት ካለባት የማያንማሯ ካቺን ግዛት ሲሆን፣ ኮረብታዎቿ በኬሚካል እየታጠቡ ነው። ቆሻሻውን ለሌላ ሕዝብ ትቶ የሚገነባ ዋስትና በተቃውሞ ይፈርሳል፤ መፍረስም ይገባዋል። የዝቃጩ ማስወገጃ ወጪ ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ መግባት አለበት።

ማዕድኑ ያላቸው አገሮች

ይህ ታሪክ ገዢዎቹን ብቻ አይመለከትም። ዲሞክራቲክ ኮንጎ ከዓለም ኮባልት 70 በመቶ ያህሉን ታወጣለች፤ የሚጣራው ግን በአብዛኛው ቻይና ውስጥ ነው። ዋጋው ሲወድቅ በፌብሩወሪ 2025 ኮባልት ወደ ውጭ መላክን አገደች፤ በኦክቶበርም እገዳውን በኮታ ተካችው። ኢንዶኔዥያ ከ2020 ጀምሮ ጥሬ ኒኬል እንዳይወጣ ከልክላ ማቅለጫዎቹን በአገሯ አስገነባች፤ ዛሬ ከዓለም ኒኬል ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከእሷ ነው። ለዚህም በድንጋይ ከሰል ጭስና በተጨፈጨፈ ደን ከፍላለች።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ ከሁለት ወገን ይመጣል። በጉጂ ዞን የሚገኘው ቀንጢቻ ለዓመታት ታንታለም ሰጥቷል፤ ታንታለም በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ ላሉ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች ይውላል። አገሪቱ የሸጠችው ግን ታጥቦና ተበጥሮ በከፊል የተለየ ማዕድን እንጂ የተጣራ ታንታለም አልነበረም። በማዕድኑ ውስጥ ያለው ዩራኒየም ደግሞ በመርከብ ማጓጓዙን አስቸጋሪ አድርጎ የወጪ ንግዱን አስተጓጉሎታል። ዩራኒየሙን በአገር ውስጥ መለየት ቢቻል ኖሮ ይኸው ማዕድን ገበያውን ባላጣ ነበር። በቀንጢቻ ሊቲየምም አለ፤ ጥያቄውም እንደገና ይመጣል።

በሌላ ወገን ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአብዛኛው ከቻይና የመጡ ናቸው። ሞተራቸው በኒዮዲሚየም፣ ባትሪያቸው በሊቲየምና በግራፋይት ይሠራል። የነዳጅ ዶላርን ለማዳን የተወሰደው እርምጃ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የመለዋወጫ ምንጩ ግን አንድ አገር መሆኑ ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ለማዕድን ባለቤት አገሮች የዛሬው ሁኔታ ዕድል ይዞ መጥቷል። ሁለተኛ አቅራቢ የሚፈልግ ገዢ በዋጋ ብቻ አይደራደርም። ስለዚህ የማዕድን ፈቃድ ሲሰጥ ከሮያሊቲው መቶኛ በፊት ሌሎች ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይገባል። የግዢው ውል ለስንት ዓመት ነው? ዋጋ ሲወርድ ማን ይሸከመዋል? የትኛው የማጣራት እርከን በአገር ውስጥ ይሠራል? ኬሚስቶቹን ማን ያሠለጥናል? ዝቃጩስ የት ይቀመጣል? ላይናስን በሕይወት ያቆየው ዋጋ ሲወርድ ሸክሙን የሚጋራ አበዳሪ ማግኘቱ ነበር።

በኦክቶበር 2025 ቻይና ገደቡን ወደ ሌሎች አምስት ንጥረ ነገሮች አሰፋች፤ በወሩ መጨረሻ ግን ትራምፕና ሺ ጂንፒንግ ቡሳን ላይ ተገናኝተው አዲሱ ገደብ ለአንድ ዓመት እንዲታገድ ተስማሙ። አደገኛው ጊዜ እንዲህ ያለው እፎይታ ነው። በ2015 ኮታው ሲነሳ የሆነው እንደገና ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ ይወርዳል፣ ባለሀብቱ ይሸሻል፣ የፓርላማ አባላትም ለማይታይ ስጋት ለምን ገንዘብ እንመድባለን ይላሉ። በየመዲናው የታወጁት ስትራቴጂዎች የሚፈተኑት ያኔ ነው። የኒዮዲሚየም ዋጋ በግማሽ ሲወርድ ውሉን የሚያከብር መንግሥት ፋብሪካዎቹን ያድናል፤ ውሉን የሚያፈርሰውም በሚቀጥለው ጊዜ ማግኔት የሚያገኘው አቅራቢው በፈቀደለት ቀንና በፈቀደለት ዋጋ ይሆናል።